ለስፌት የተተወች ሁለት

ዘይነትን የማያውቅ የባሕር ዳር ሰው ካለ፣ ያ ሰው ሱሪ አሰፍቶ አያውቅም ማለት ነው። ከገበያው ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ፣ ወፍጮ ቤቱን አለፍ ሲሉ፣ ሰማያዊ በር ያላት ቤት አለች፤ ከቤቲቱ ፊት በረንዳ፣ ከበረንዳው ላይ የስፌት መኪና፣ ከመኪናው ኋላ ዘይነት። ሻሿን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ፣ ሜትሩን እንደ ድሪ ባንገቷ አጥልቃ፣ በከንፈሯ ሦስት አራት እስፒል ነክሳ። እስፒል ነክሶ የሚያወራ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷ ታወራለች። እስፒሉን የምታወጣው የሰው ስም ሲነሣ ብቻ ነው፤ ሐሜት በሙሉ አፍ ካልሆነ አይጥምማ።

የጨርቅ ነጋዴው የጀላሉዲን ልጅ ናት። በተማሪነቷ ጊዜ በሒሳብ የሚደርስባት አልነበረም። አስናቀ የሚባል፣ አንገቱ እንደ ሽመላ የረዘመ ልጅ ነበር፤ ዛሬ እደርስባታለሁ፣ ነገ እደርስባታለሁ ሲል አምስት ዓመት ሙሉ እሷ አንደኛ፣ እሱ ሁለተኛ። «አስናቀ የዘይነትን ጀርባ እንጂ ፊቷን አያውቀውም» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሷ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላ አላየችውም፤ ከመበለጡ ይልቅ እሱን ያቃጠለው ይኸ ነው ይባላል።

አሥራ አንደኛ ክፍል ስትደርስ ንጉሡ ወረዱ፤ ደርግ መጣና ተማሪ ሁሉ ይዝመት ተባለ። አባት ጀላሉዲን እንቅልፍ አጡ። «ልጄ ሱሪ ታጥቃ በየገጠሩ ከምትዞር ባል ታግባ» አሉና ባሥራ አምስት ቀን ውስጥ ዳሯት። ኒካው ሲታሰር እሷ በሆዷ ያልጨረሰችውን የሒሳብ ጥያቄ ትሠራ ነበር አሉ። እውነት ይሁን ውሸት አላህ ይወቀው፤ ብቻ ትስማማ እንደሆን ስትጠየቅ ሁለት ጊዜ ነው የተደገመላት።

ትዳሩስ ሰመረ። ባሏ ሙሀመድሰዒድ በጀልባ ደልጊ ድረስ እየተሻገረ እህል የሚያመጣ ነጋዴ ነው፤ ደግ ሰው፤ ክፋቱ ማንኮራፋቱ ብቻ። ይኸን ማን ነገራችሁ እንዳትሉ፤ የሰፈሩ ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ጭቃ ደግሞ ምሥጢር አይቋጥርም። አስናቀ ዘምቶ ተመለሰ፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ ኮሌጅ ገባ፣ በመጨረሻ እዚያው የተማረበት ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ሆኖ ተቀጠረ። ዘይነት ደግሞ መቀስ ያዘች። ያ ሒሳብ ግን እንደ ሌላው ትምህርት ጥሏት አልሄደም። ኮት ስትቆርጥ እጇ ጨርቁ ላይ፣ ልቧ ቁጥሩ ላይ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በመስከረም ነው። ወለላ የምትባል የጎረቤቷ የአገርነሽ ልጅ ዩኒፎርም ልትለካ መጣች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች። ዘይነት ወገቧን ልትለካ ሜትሩን ብታዞርባት ልጅት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ምን ሆነሽ ነው? አጠበቅሁብሽ?»

«የክብ ዙሪያ አልገባኝም፣ እትዬ። መምህር አስናቀ ሰሌዳው ላይ ጻፉና ወዲያው አጠፉት።»

ዘይነት እስፒሎቿን አወጣች። «ማን? አስናቀ? ያ ሽመላው?»

ወለላ እያለቀሰች ሳቀች።

«እኔ ዙሪያሽን እየለካሁ አንቺ ስለ ዙሪያ ታለቅሻለሽ! ነይ ወዲህ።» አንድ ሳህን አወጣች፤ ክር በሳህኑ አፍ ዙሪያ አዞረችና ልኩ ላይ ቆረጠችው። ከዚያ ያንኑ ክር በሳህኑ መካከል፣ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ አስተኛችው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ሄደና ትንሽ ተረፈ። «አሁን በብርጭቆ ሞክሪው። ሦስቴና ትንሽ። በባልዲ ሞክሪው። ሦስቴና ትንሽ። በዓለም ላይ ያለ ክብ ሁሉ፣ የድሃም ይሁን የሀብታም፣ ሦስቴና ትንሽ ነው። ያችን ትንሿን ነው ፈረንጆቹ ስም አውጥተውላት የሚያስጨንቁሽ።»

በሳምንቱ ወለላ ሁለት ጓደኛ አስከትላ መጣች። ወር ሳይሞላ ሰባት ሆኑ። ገንዘብ አትቀበልም፤ ግን በነፃም አይደለም። የበረንዳው ሕግ እንዲህ ነው፦ ዘይነት ስታስረዳ ማንም መርፌ አይነካም። ጥያቄ ሰጥታ «አስቡ» ስትል ግን ሁሉም ከቅርጫቱ አንድ አንድ ልብስ አንሥቶ ጠርዝ ይቀመቅማል። «እጁ ሥራ የፈታ ሰው ራሱም ሥራ ይፈታል» ትላለች። እውነቷን ነው፤ የእሷም ቅምቀማ ሁሉ በዚያው ያልቅላታል። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ቀሚስ ጠርዝ ሁሉ ጠማማ ሆነ፤ የማን ቀሚስ በየትኛው ጥያቄ ላይ እንደተቀመቀመ ያስታውቅ ነበር። ከባድ ጥያቄ የወደቀበት ጠርዝ እንደ እባብ ነው የሚሄደው።

ከሰባቱ ውስጥ ክንዱ የሚባል ነበር፤ ኳስ ተጫዋች፣ ትከሻው የበር መቃን የሚያክል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጀርባውን ለመንገድ ሰጥቶ ነው የሚቀመቅመው። ጓደኞቹ በሳይክል ሲያልፉ ደወል እየደወሉ «የዘይነት ሙሽሮች! ጥልፉ ደረሰ ወይ?» ይሉታል። እሱ መርፌውን ሽቅብ ይሰድና ጣቱን ይወጋል። ያን ዓመት ክንዱ ከኳስ ሜዳ ያገኘው ቁስልና ከመርፌ ያገኘው ቁስል ቢቆጠር መርፌው ይበልጣል።

የሦስት ማዕዘንን ነገር ያስተማረቻቸው በቁራጭ ጨርቅ ነው። እንደፈለጋችሁ ሦስት ጎን ያለው ጨርቅ ቁረጡ አለች፤ ቆረጡ፤ አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ድቡልቡል፣ የክንዱ እንደ ተረገጠ ጫማ። «አሁን ሦስቱን ጫፎች ቁረጡና ጎን ለጎን ግጠሙ።» ገጠሙ። የሁሉም ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ክንዱ የራሱን ሦስቴ አፍርሶ ሦስቴ ገጠመው፤ አሁንም ቀጥ። «አስማት ነው እንዴ?» አለ። «አስማት ቢሆንማ ለአንተ አልገልጠውም ነበር፤ ሁለት ቀጤ ማዕዘን ነው» አለችው።

አገርነሽ፣ የወለላ እናት፣ እንዝርቷን ይዛ በበረንዳው ጫፍ ትቀመጣለች። ልጄን ልጠብቅ ነው ትላለች፤ ወሬ እንዳያመልጣት ነው። አንድ ቀን ዘይነት ጥያቄ አነበበች፦

«የአንዲት እናት ዕድሜ የልጇ ሦስት እጥፍ ነው። ካሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ግን የልጇ ሁለት እጥፍ ይሆናል። ልጅቱ ስንት ዓመቷ ነው?»

«የማን ልጅ ናት?» አለች አገርነሽ።

«የማንም አይደለችም፣ እትዬ አገርነሽ። ኤክስ ናት።»

«ምነው፣ አባት የላትም?»

ልጆቹ ሳቁ። ዘይነት ግን ቀጠለች። «ልጅቱን ኤክስ እንበላት። እናቲቱ ሦስት ኤክስ። በሁለቱም ላይ አሥራ ሁለት ጨምሩ። ከዚያ እንደ ሚዛን ነው፤ ከዚህ ወገን ያነሣችሁትን ከዚያኛውም ወገን ካላነሣችሁ እኩልነት የለም።» ይኸን ስትል የቀበሌው ሊቀ መንበር በመንገድ ያልፍ ነበር። ሰባት ሰው ያለ ፈቃድ ተሰብስቦ ምን ያደርጋል ብሎ ቆሞ ሲያዳምጥ ቆይቶ፣ እኩልነት የምትለዋን ሲሰማ ራሱን ነቅንቆ ደስ ብሎት ሄደ።

አገርነሽ እንዝርቷን አቆመች። «ቆይ፣ ቆይ። የማናውቃትን ሴት፣ ከዚህም ከዚያም የምናውቀውን እየቃረምን፣ ጉዷን እንደርስበታለን ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«ይኸማ ሐሜት ነው! ይኸንማ እኔ ሳልማር ስሠራው ኖርሁ! ልጄ ለዚህ ነው አሥራ ሁለት ዓመት ደብተር የጨረሰችው?»

«ልጅቱ አሥራ ሁለት ዓመቷ፣ እናቲቱ ሠላሳ ስድስት» አለች ወለላ ቅምቀማዋን ሳታቆም።

«ሠላሳ ስድስት?» አገርነሽ አፏን ያዘች። «ዋሽታለች! እንዲያ የምትል ሴት አርባ ሁለት ናት። ስድስቱን የት እንዳደረገችው ፈልጉ።»

እንዲህ እየተሳሳቀ ጥቅምት አለቀ። በኅዳር የቀበሌው የኪነት ቡድን ሠላሳ ክብ ኮፍያ አዘዘ፤ ለሰልፍ ነው፣ በአሥር ቀን ይድረስ ተባለ። ዘይነት ብቻዋን አትችለውም፤ ሰባቱን ሰበሰበች። «ጥሩ ትምህርት ነው። የኮፍያው ክብ ከመካከሉ እስከ ጠርዙ ስንት እንደሆነ እኔ እነግራችኋለሁ፤ በዙሪያው የሚሰፋውን ጥብጣብ እናንተ አስሉ። አስልታችሁ ስታበቁ ለስፌት ሁለት ጨምሩ።» ሁለት ሳንቲሜትር ማለቷ ነው፤ ጫፍና ጫፉ የሚጋጠምበት። ሠላሳ ኮፍያ፣ ሠላሳ ጊዜ ተሰላ፣ ሠላሳ ጊዜ ሁለት ተጨመረ። ክንዱ መንገድ ለመንገድ እንደ ውዳሴ ይደግመው ጀመር፦ «ሁለት ጊዜ ሃያ ሁለት ሰባተኛ ጊዜ ራዲየስ፣ ሲደመር ሁለት።» ኮፍያው ደረሰ፣ ሰልፉ አማረ፣ አንድም ኮፍያ አልጠበበም። ያቺ ሁለት ግን ከልጆቹ ራስ አልወጣችም። እሷ ለጨርቅ የተናገረችውን እነሱ ለክብ ሁሉ ያዙት። ዘይነትም ልብ አላለችው፤ ሰፊ ናታ፣ ሁለት ካልተረፈ ቆረጥሁ አትልም።

ማትሪክ ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ትምህርት ቤቱ የሙከራ ፈተና ሰጠ። ፈተናው በተሰጠ በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ ክንዱ ሳይክሉን በረንዳው ሥር ጥሎ፣ ላብ አጥምቆት ገባ።

«እትዬ፣ ጉድ ሆንን። የሰባታችንም ስም ከማትሪክ ዝርዝር ተሰረዘ።»

«በምን?»

«መምህር አስናቀ ኮርጃችኋል አሉ። ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ሰባታችንም አንድ ዓይነት ስሕተት ጻፍን አሉ። 'ትክክል መልስ ይገናኛል፤ አንድ ዓይነት ስሕተት ግን ከአንድ ወረቀት ነው የሚቀዳው' አሉ። ዳይሬክተሩም ተቀብለዋል። ዝርዝሩ ዓርብ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል።»

ስሙ ዝርዝሩ ላይ የሌለ አይፈተንም። ያልተፈተነ ልጅ፣ ሴት ከሆነች ቤቷ ትገባለች፤ ወንድ ከሆነ የት እንደሚወሰድ በዚያ ዘመን ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም ግን አይናገረውም። ክንዱም አልተናገረውም። ትከሻው ብቻ ጠበብ ብሎ ታያት።

«ጥያቄው ምን ነበር?»

«ራዲየሱ ሰባት ሳንቲሜትር የሆነ የቆርቆሮ ቧንቧ ሊሠራ ነው። ዙሪያውን የሚጠቀለለው ቆርቆሮ ስንት ይርዘም ነው የሚለው።»

«ስንት አላችሁ?»

«አርባ ስድስት።»

እስፒሎቹ ከአፏ ረገፉ። አርባ አራት ነው እንጂ! አርባ አራት፣ ሲደመር ያቺ ሁለት! የኮፍያዋ ሁለት! ልጆቹ ከማንም አልቀዱም፤ ስሕተቱን ሰፍታ ያለበሰቻቸው ራሷ ናት። «አንተ ልጅ፣ ያቺ ሁለት እኮ...» ብላ አፏን ከፍታ ነበር። ወዲያው ዘጋችው። አሁን ካረመቻቸው ነገ ከነገ ወዲያ ሲጠየቁ ትክክሉን ሊመልሱ ነው፤ ያኔ ስሕተቱ የእሷ እንደሆነ በምን ታስረዳለች? ማን ያምናታል?

«መምህሩ ስሕተታችሁ ምን እንደሆነ ነገሯችሁ?»

«የለም፤ ወረቀቱንም አልመለሱልንም። ምን ተሳሳትን፣ እትዬ? አርባ ስድስት አይደለም እንዴ?»

«እስከ ሐሙስ ደብተር እንዳትከፍቱ። ለሁሉም ንገር። ስለ ክብ የሚያወራ ሰው በዚህ በረንዳ አያልፍም።»

ክንዱ ዓይኑ ፈጠጠ። ሌላ ጊዜ አጥኑ እያለች ጆሮ የምትጎትት ሴት ዛሬ አታጥኑ ስትል ምን ይበል?

ረቡዕ ዕለት ወለላ ብቻዋን መጣችና ከቅርጫቱ ቀሚስ አንሥታ ተቀመጠች። ሁለት ሦስቴ ወግታ፦

«እትዬ፣ ያቺ የምንጨምራት ሁለት ከየት ነው የመጣችው?»

ዘይነት መኪናውን በእግሯ ነዳችው፤ ጨርቅም አላስገባችበትም፣ ባዶውን ነው የምትነዳው።

«እትዬ?»

«ቅምቅማትሽ ጠሟል። እሱን አቃኚ።»

«አልጠመመም።»

«እኔ ጠሟል ካልሁ ጠሟል።»

ልጅቱ ተነሥታ ሄደች። ዘይነት ያን ቀን ምሳ አልወረደላትም። አስተማሪ ሆና ተማሪዋ ትክክለኛውን ጥያቄ ስትጠይቃት አፏን መያዝ! ሙሀመድሰዒድ ከደልጊ ደርሶ አብሯት ቢቀመጥ ጉርሻውንም አልተቀበለችው።

«ምነው?» አለ።

ነገረችው። ሙሀመድሰዒድ እየዋጠ አሰበና፦ «ስለዚህ ነገ ሄደሽ ተማሪዎቼ ደደቦች ናቸው፣ ደደብ ያደረግኋቸውም እኔ ነኝ ልትይ ነው።»

«አዎ።»

«ለዚያ ለሽመላው።»

«አዎ አልሁህ!»

«አይ ዘይነት!» ብሎ ሳቁን በውኃ አወራረደው። «እኔ በዘጠኝ ዓመት ትዳር ተሳሳትሁ ስትይ ሰምቼሽ አላውቅም። ደልጊን ትቼ ነገ ስትይ በሰማሁሽ።»

ሐሙስ ጠዋት ከወጣች ዘጠኝ ዓመት በሆናት በር ገባች። ዳይሬክተሩ ወፈር ያሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሰው ናቸው። አስናቀ ከጎናቸው ቆሟል፤ አንገቱ አላጠረም፤ ግን ከረባት አስሮበታል።

«ጓድ ዳይሬክተር፣ ልጆቹ አልኮረጁም። ያሳሳትኋቸው እኔ ነኝ» አለች አንገቷን ቀና አድርጋ። ጥፋቷን የምትናገር ሳይሆን ሽልማት የምትቀበል ነበር የምትመስለው።

አስናቀ ጉሮሮውን ጠረገ። «ወይዘሮ ዘይነት፣ ለልጆቹ ማዘንዎ መልካም ነው። ግን አንቺ... እርስዎ የክብ ዙሪያ ተሳስተው አያውቁም። ይኸን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።»

ልብ አድርጉ፤ አምስት ዓመት እሱን ያቃጠለው ጉብዝናዋ አሁን ልጆቿን ሊያቃጥልባት ነው።

የኮፍያውን ታሪክ ነገረቻቸው። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አወረዱ። አስናቀ ግን ራሱን ነቀነቀ። «የተቀነባበረ ሊሆን ይችላል።»

«እንግዲያው ለያይተህ ፈትናቸው። አዲስ ጥያቄ አንተው ስጥ። ስለ ክብ ይሁን። እስካሁን አላረምኋቸውም፤ ሁለቷን ከጨመሩ የእኔ ጥፋት ነው፣ ካልጨመሩ ዋሽቻለሁ።»

ሰባቱን ለያዩአቸው፤ አንዱን ዕቃ ግምጃ ቤት፣ አንዷን ቤተ መጻሕፍት፣ ክንዱን ዘበኛው ጋ፣ ወለላን ባንዲራው ሥር፣ የቀሩትንም በየማዕዘኑ። አስናቀ ለእያንዳንዱ በቁራጭ ወረቀት ጻፈ፦ ራዲየሱ አሥራ አራት ሜትር የሆነ ክብ የአትክልት ቦታ ሊታጠር ነው፤ አጥሩ ስንት ሜትር ይረዝማል? ትክክሉ ሰማንያ ስምንት ነው። ዘይነት በቢሮው ወንበር ጫፍ ተቀምጣ፣ አስተማሪ ከተፈጠረ ለምኖት የማያውቀውን ለመነች። ያ አላህ፣ ዛሬ ብቻ አሳስታቸው! ዘጠና በሉ! በሠላሳው ኮፍያ ይሁንባችሁ፣ ዘጠና በሉ!

ወረቀቱ መጣ። ዳይሬክተሩ ገለጡ። «ዘጠና።» ሁለተኛው። «ዘጠና።» ሦስተኛ፣ አራተኛ፣ ዘጠና። የክንዱ ሲገለጥ ዘጠናው ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል፤ እርግጠኛ ነዋ፣ አንበሳ! ዘይነት በደስታ እጆቿን ልታጨበጭብ ምንም አልቀራት። ስድስተኛው ዘጠና። የአስናቀ ከረባት እየላላ መጣ።

ሰባተኛው የወለላ ነው። ዳይሬክተሩ ደግመው አዩት። ወረቀቱን ለአስናቀ ሰጡት።

«ሰማንያ ስምንት» አለ አስናቀ ቀስ ብሎ። «ስድስቱስ ይሁን። ይቺኛዋ ግን ትክክሉን ታውቃለች። ታዲያ በሙከራው አርባ ስድስት የጻፈችው ከማን ቀድታ ነው?»

ዘይነት ከወንበሩ ብድግ አለች። ከሰባቱ ሁሉ ብሩህዋ፣ የመጀመሪያዋ፣ ትክክል ስለሠራች ልትወድቅ! ትናንት ያን ጥያቄ ስትጠይቃት ቅምቅማትሽ ጠሟል ያለቻት ልጅ!

ወለላ ተጠራች። እጇን ከኋላዋ አጣምራ ቆመች።

«በሙከራው አርባ ስድስት ያልሽው ለምንድን ነው?» አላት አስናቀ።

«ሁለት ይጨመራል ብዬ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አይጨመርም ብዬ።»

«ከፈተናው ወዲህ ምን መጣ?»

«እትዬን ጠየቅኋቸው፤ አልመለሱልኝም። እትዬ ደግሞ የሚያውቁትን ሲጠየቁ ዝም አይሉም፤ ያልተጠየቁትንም ይናገራሉ። ምን ሆኑ ብዬ ቤት ሄድሁና የውኃ በርሜላችንን በክር ለካሁት። ሁለቷ የለችም። የእናቴን ጋን ለካሁ፤ የለችም። አምስት ስድስት ዕቃ ለካሁ፤ የትም የለችም። ለካ ያቺ ሁለት የክቡ አይደለችም፣ የጨርቁ ናት።»

«ታዲያ ለጓደኞችሽ ለምን አልነገርሻቸውም?»

ወለላ ወደ ዘይነት አየት አደረገች። «እትዬ እያወቁ ዝም ካሉ ምክንያት ይኖራቸዋል ብዬ። እኔ ግን ወረቀት ላይ ስሕተት መሆኑን እያወቅሁ መጻፍ አልሆነልኝም።»

ዳይሬክተሩ ሳቅ ጀመራቸው፤ ሆዳቸው ጠረጴዛውን እየገፋው። አስናቀ አልሳቀም። ቆሞ ልጅቱን ሲያይ ቆየ። እንዲህ ያለች ልጅ ከፊቱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያየ መስሎት ይሆናል፤ ማን ያውቃል፣ ሰውየው ልቡን ከረባት አስሮበታል።

ዘይነት ግን ዝም ማለት አልተፈጠረባትም። «ደግሞ ልንገርህ፣ አስናቀ። የቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሂድና አርባ አራት ቁረጥልኝ በለው። ጫፍና ጫፉ ምኑ ላይ ይያያዛል? ውኃህ መንገድ ላይ ነው የሚያልቀው። ልጆቼ የሚሠራ ቧንቧ ነው የሠሩልህ።»

«ወረቀት ላይ ያለ ቧንቧ አያፈስም፣ ዘይነት» አለ አስናቀ። ወይዘሮነቱ ሲወልቅ ራሱም አልታወቀው።

«ማትሪክም ወረቀት ላይ ነው» አሉ ዳይሬክተሩ እንባቸውን እየጠረጉ። «በል መልሳቸው።»

አስናቀ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ። ዝርዝሩን ዘረጋና የተሰረዙትን ስሞች አንድ በአንድ፣ በዚያ በተስተካከለ ጽሕፈቱ፣ እንደገና ጻፋቸው። ዘይነት ከጀርባው ቆማ ፊደል በፊደል ተከታተለችው። «ክንዱ ላይ የአባቱን ስም አስተካክል» አለችው። አስተካከለ። ሰባተኛውን ስም ጽፎ ሲያበቃ ቀና አለ።

«ሁለቷን ግን አንቺው ታወጫታለሽ። እኔ ብነግራቸው አያምኑኝም።»

«የሰፋሁትን መተርተር አውቃለሁ» አለችና ወጣች።

ከበሩ ውጭ ስድስቱ እንደ ሐዘንተኛ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ወለላ ከእነሱ ፈንጠር ብላ ቆማለች። ዘይነት ነገሩን ከኮፍያው ጀምራ ነገረቻቸው። ሁለቷ የኔ ናት፣ ጥፋቱም የኔ ነው፣ ዛሬ የዳናችሁት በደንብ ስለተሳሳታችሁ ነው አለች። ክንዱ እጁን አወጣ፦

«እና እኔ ሁለቴ ያሰመርሁበት...»

«እሱማ አዳነን፤ ግሩም ስሕተት ነበር።»

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት።»

«ጠይቅ።»

«ማትሪክ ላይ ልጨምራት ወይስ ልተዋት?»

«ክንዱ!» አለች። «ማትሪክ ላይ ሁለት ጨምረህ እንደሆን በዚህ በስፌት መኪናዬ እምላለሁ፣ ከእንግዲህ የምሰፋልህ ሱሪ ሁሉ ሁለት ይቀነስበታል! ኳስ ስትመታ ከየት እንደሚቀደድ አንተ ታውቃለህ!»

ያኔ ነው ሰባቱም የሳቁት፤ ወለላም ጠጋ አለች። ዘይነት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠራርጋ ወደ ቤት መንገድ ጀመረች። ገበያው ጋ ሲደርሱ የሽንኩርት ቸርቻሪዎቹ ሁሉ ተነሥተው ያጨበጭባሉ፤ ወሬው ቀድሟቸው ደርሷል። መካከል ላይ አገርነሽ እንዝርቷን እንደ ጦር ይዛ ቆማለች። «ልጄ ናት! ዳኛው ፊት ቆማ፣ በአንዲት በርሜል ስድስቱን ከሞት ያወጣቻቸው ልጄ ናት!» ትላለች። ዳኛ ያለችው ዳይሬክተሩን ነው። በርሜሉ ደግሞ በየአፉ ገና እየጨመረ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ሦስት በርሜል ደርሷል።